ያልመጡትም ይቆጠራሉ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ ጥሩዬ አጥሩ ላይ ተደግፋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ስንዱ፣ እንዲያው ሳትቀየሚኝ። ሂሳብ ያው ሂሳብ ነው። ሁለትና ሁለት አራት መሆኑ ካልቀረ ዕድሜሽን ሙሉ ምኑን ስታስተምሪ ኖርሽ?»

አልተቀየምኩም። ጥሩዬ ፍኖተ ሰላም ገበያ ማንጎ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ከእኔ ሥራ የምታውቀው ጠዋት ስወጣና ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ለብሼ ስመለስ ያየችውን ነው። ያን ዕለት ስቄ አለፍኳት። ጥያቄዋ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ እነሆ አሁን ልመልስላት ተቀመጥኩ።

እንደማንኛውም የሂሳብ መምህር ክፍልፋይ አስተምሬያለሁ፣ እኩልታ አስተምሬያለሁ፣ የሦስት ማዕዘን ስፋት አስተምሬያለሁ። በእነዚህ ከእኔ የሚበልጡ መምህራን ሞልተዋል። የእኔ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገረው አንድ ምዕራፍ አለ፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍሉ ስታቲስቲክስ። ከእሱም ውስጥ ሕዝብና ናሙና የሚባለው ትምህርት። በዚህ ከእኔ ጋር የሚፎካከር ካለ ይምጣ።

ምዕራፉ ዕድለ ቢስ ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለተቀመጠ መምህሩ እሱ ጋ ሲደርስ ሰኔ ይገባል፤ የገጠር ልጆች ልብ እርሻ ላይ፣ የከተማዎቹ ደግሞ ፈተና ላይ ይሆናል። «ይኼን እቤታችሁ አንብቡት» ተብሎ ይታለፋል። እኔም ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ቡሬ እንደተመደብኩ እንዲሁ ልዘለው አስቤ ነበር። ያስቆሙኝ መምህር አለልኝ ናቸው፤ ሰኔን ሳልጠብቅ በበጋው እንዳስተምረውም መከሩኝ።

መምህር አለልኝ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው በኋላ ወደ አስኳላ የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ነጭቶ ነው የሚታየው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሳይሰቀል ወደ ክፍላቸው ይገቡና ተማሪ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ በየቀኑ ሌላ ቦታ። መጀመሪያ ሳያቸው ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ። «ሰሌዳውን እያየሁ ነው።»

«ከዚህ ምን ይታያል?»

«ከዚህ ምሰሶው ስለሚጋርድ ግራው አይታይም። እዚህ የሚቀመጠው ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ግማሽ ሰሌዳ ነው ሲማር የቆየው። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነው ብዬ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግራው በኩል መጻፍ ተዉ።

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄያቸው ነው። ተማሪ ሲመልስላቸው «ጎበዝ» ወይም «ተሳስተሃል» አይሉም፤ «ከምን አወቅህ?» ይላሉ። ለተሳሳተው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ልክ ለመለሰውም ይኸው ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ይሸበሩና ሲለምዱት ሳይጠየቁ ምክንያታቸውን ይዘው ይነሳሉ። እኔ ይህን ልማድ እንዳለ ወርሼዋለሁ፤ ቤቴም ገብቶ ልጆቼን አስመርሯል።

ናሙናን የማስተምርበትን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ መምህር አለልኝ ከኋላ ተቀምጠው ተመለከቱ። ሰሌዳው ላይ በደንብ አድርጌ ጻፍኩ፤ ሕዝብ ማለት ጥናት የሚደረግበት ስብስብ በሙሉ ነው፣ ናሙና ማለት ከሕዝቡ የተወሰደ ክፍል ነው። ልጆቹ ገለበጡ። ምሳሌ ስጡኝ ስል አንዱ «የቡሬ ሕዝብ» አለ፣ ሌላው «የኢትዮጵያ ሕዝብ» አለ። «የበርበሬ ሕዝብስ ሊባል ይችላል?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ከሳቋ መሀል «በርበሬ ስብሰባ ሊወጣ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ማንንም ጸጥ ማሰኘት አልቻልኩም።

ስንወጣ መምህር አለልኝ «ቃሉ ነው የጠለፋቸው» አሉኝ። «ሕዝብ ስትያቸው ሰው ብቻ ነው የሚታያቸው። ቅዳሜ ገበያ ነይ።»

በርበሬ የሚገባበት ወቅት ነበር። የቡሬ ገበያ በጆንያ በርበሬ ቀልቶ ነበር። መምህር አለልኝ አንዲት ሴት ፊት ቆሙና ከላይ ያለውን ደማቅ በርበሬ ትተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ወደ ጆንያው ሰደዱ።

«ምነው ጋሼ፣ አላመኑኝም?» አለች ሴትዮዋ።

«አንቺንማ አምንሻለሁ። በርበሬውን ነው የማላውቀው።»

ከታች ያወጡት እፍኝ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ የነጣ ነበር። ሴትዮዋ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ፤ በተስማሙበት ገዙ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ጆንያው በሙሉ ሕዝቡ ነው። እጄ ላይ ያለው ናሙና ነው። ከላይ ብቻ ዘግኜ ቢሆን ናሙናዬ የሚነግረኝ ስለ ሻጯ ብልሃት ነበር፤ ስለ በርበሬው ምንም።» ትንሽ ከሄድን በኋላ የቅኔ ቤት ልጅነታቸው መጣባቸው። «ናሙና ሰም ነው፣ ስንዱ። ወርቁ ጆንያው ውስጥ ነው ያለው። ሰሙን አይቶ ወርቅ አገኘሁ የሚል ተማሪ የኔታ ፊት አይቆምም።»

ሰኞ በርበሬ ይዤ ክፍል ገባሁ። ይህን እንዳታደርጉት። ከመዝገናቸው በፊት ክፍሉ በሙሉ ሲያነጥስ ርዕሰ መምህሩ ምን እንደደረሰ ሊያዩ መጡ። ከዚያ ወዲህ ባቄላና አተር የተቀላቀለበት ከረጢት ነው የምይዘው።

ከረጢቱ ለማንም ወጣት መምህር የምመክረው ዘዴ ነው፤ ስለዚህ ላስረዳ። እያንዳንዱ ቡድን ሳያይ አንድ እፍኝ ይዘግናል፤ ከውስጡ ስንቱ ባቄላ፣ ስንቱ አተር እንደሆነ ቆጥሮ በከረጢቱ ውስጥ የትኛው እንደሚበዛ ይገምታል። ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ስሠራው ግን የሁሉም ቡድን መልስ ከጎበዙ ልጅ ቡድን መልስ ጋር አንድ ሆኖ መጣ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ግራ ገባኝ። ዞር ብዬ ሳይ አንዲት ልጅ በእርሳስ የጻፈችውን በምራቋ እያጠፋች ነው።

«ለምን ታጠፊዋለሽ?»

«ተሳስተናል መምህር። እነሱ ጋ ባቄላው ይበዛል።»

«ዴስክሽ ላይ ያለውን ቁጠሪው እስኪ።»

ቆጠረችው። ያጠፋችው ቁጥር ትክክል ነበር። የትምህርቱ እምብርት እዚህ ጋ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ከአንድ ጆንያ የወጡ ሁለት እፍኞች ይለያያሉ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። የእኛ ልጆች መልስ አንድ ነው፣ ያም በጎበዙ ደብተር ላይ ነው ተብለው ያደጉ ናቸው። ይህን ከውስጣቸው ለማውጣት ትርጉም ማስገልበጥ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የዘገኑትን ዴስክ ላይ በግልጽ እንዲደረድሩ፣ በእስክሪብቶ እንዲጽፉና ልዩነቱን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እንዲያዩት አደርግ ነበር። የሁሉንም እፍኝ አንድ ላይ ስንደምረው ከከረጢቱ ጋር እየተቀራረበ ሲመጣ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር በደመወዝ አልለውጠውም። ደመወዙም ቢሆን ይታወቃል።

ሰው ስንመርጥስ? «ከክፍላችሁ ጥቂት ልጆች ጠይቄ ስለ ሁላችሁ ማወቅ ብፈልግ ማንን ልምረጥ?» ስላቸው ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «ጎበዞቹን» ነው። ቀጥሎ «ከፊት ያሉትን»። አንድ ዓመት ዲያቆን የሆነ ተማሪ ነበረኝ፤ ቀስ ብሎ ተነሳና «በዕጣ ይሁን» አለ።

«ከምን አወቅህ?»

«በይሁዳ ቦታ ማትያስ ሲተካ በዕጣ ነው። ዕጣ የሰው ፊት አያይም።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍ አላገኘሁም። ሙስሊሞቹ ልጆች ደግሞ ወዲያው ከእናቶቻቸው ዕቁብ ጋር አገናኙት። ክፍሉ በሙሉ ገባው።

ቡሬ ብዙ ዓመት ቆይቼ ወደ ገጠር ተዛወርኩ። ትምህርት ቤቱ ከፍኖተ ሰላም ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ፣ ወንዝ አጠገብ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ። ርዕሰ መምህሩ ደሴ የሚባል ወጣት፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነበር። የወላጆች ኮሚቴውን የሚመሩት ደግሞ አያ ፈንታ ናቸው፤ አገር የሚያከብራቸው ገበሬ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ደሴ ቢሮው ጠራኝ። ወላጆች በበጋው በጉልበትና በእንጨት አንድ ነገር ሊሠሩልን ተስማምተው ነበር፤ ምን እንደሚሠሩ ግን አልወሰኑም።

«ያንቺ ስምንተኛዎች ተማሪውን ይጠይቁልን» አለኝ። «ትምህርታችሁን ከሁሉ በላይ የሚያውከው ምንድን ነው ብለው። በወሬ ከምንወስን በቁጥር እንወስን።»

እንዲህ ያለ ዕድል የትኛው የሂሳብ መምህር ያገኛል? ልጆቼ በየክፍሉ ያሉትን ተማሪዎች ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ቆብ ውስጥ ከተቱ፣ አናወጡ፣ ዕጣ አወጡ። ዕጣ የወጣላቸውን ለየብቻ ጠየቁ። ማንም ማንን አልገለበጠም። አብዛኛው ልጅ የመለሰው አንድ ነው፤ ክፍሉ ጠቦናል፣ መሬት ላይ ነው የምንቀመጠው። ልጆቼ ኮሚቴው ፊት ቆመው ውጤቱን አነበቡ። አያ ፈንታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና «በሉ ክፍል እንሥራ» አሉ። እንጨት ተቆረጠ፤ ጭቃ ተቦካ።

ኅዳር ሲገባ ወንዙ ጎደለ። ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች መምጣት ጀመሩ። በየዓመቱ እንዲሁ ነው፤ ክረምቱን የሞላው ወንዝ መስከረምና ጥቅምትንም አያሻግርም። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለለመድነው ግን አናየውም ነበር።

ከመጡት አንዷ ትርንጎ ትባላለች። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ስትናገር ቃል የማታባክን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዚያ ሳምንት ሕዝብና ናሙናን ሳስተምር የራሳችንን ጥናት ምሳሌ አድርጌ አቀረብኩ። ትርንጎ እጇን አወጣችና ተነሳች።

«መምህር፣ በጥናቱ ሕዝቡ ማን ነበር?»

«የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች በሙሉ።»

«እኔ የትምህርት ቤታችን ተማሪ ነኝ?»

«ነሽ እንጂ።»

«ዕጣው ሲወጣ ስሜ ቆቡ ውስጥ ነበር?»

ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ።

«አልነበረም» አልኳት።

«እንግዲያ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችና ተቀመጠች። ቁጣ የለባትም፤ እኔ ያስተማርኳትን ነው የመለሰችልኝ።

በእረፍት ሰዓት ደሴ ጋ ሄድኩ። «የጠየቅነው ወንዙን ተሻግሮ መምጣት የቻለውን ብቻ ነው» አልኩት። ገባው፤ ፊቱ ጠቆረ። አብረን አያ ፈንታ ጋ ብንሄድ ግን ግድግዳው ወገቡ ጋ ደርሷል፣ ሰዎቹም በቃላቸው ወጥተው እየሠሩ ነው። «የተጀመረ ቤት አይፈርስም፤ እንደት ይሆናል?» አሉን አያ ፈንታ። እውነታቸውን ነው።

ቅዳሜውን ቡሬ ወረድኩ። መምህር አለልኝ ጡረታ ወጥተው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላጽናኑኝም።

«ዕጣውን በደንብ አውጥተዋል?»

«በደንብ።»

«ብዙ ልጅ ጠይቀዋል?»

«ብዙ።»

«እንግዲያ ዕጣው አልዋሸም። ዕጣ ቆቡ ውስጥ ያልገባን ስም ከየት ያመጣዋል? ቆቡ ውስጥ ማን እንዳለ ማረጋገጥ የመምህሯ ሥራ ነው።» በእጃቸው ወደ መንገዱ አመለከቱ። «እዚህ ፀሐይ ላይ ከኔ ጋር ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና ያልተጠየቁትን ጠይቂያቸው።»

ጥር ላይ ጠየቅናቸው። በዚህኛው ጊዜ ሕዝባችን ትምህርት ቤት ያለው ልጅ መሆኑ ቀርቶ ልጅ ያለበት ቤት በሙሉ ሆነ፤ ወዲህም ማዶም። በየጎጡ ያሉትን ቤቶች የጎጡ ልጆች ቆጥረው አመጡ፤ ዕጣ በየጎጡ ተጣለ። አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ዕጣ የወጣበት ቤት ሰው ከሌለ ተመልሳችሁ ሂዱ እንጂ ጎረቤቱን እንዳትጠይቁ። እርሻ የዋለ ሰው መልስና እቤት የዋለ ሰው መልስ አንድ አይደለም።

«መምህር፣ ያ ቤት ግን ውሻ አለው» አለኝ አንደኛው ቡድን።

«ውሻ ያለው ቤትም ልጅ አለው» አልኳቸው።

ሌላው ቡድን ዕጣ የወጣበት ቤት አቀበት ላይ ስለነበረ ከሥሩ ያለውን ጠይቆ መጣ። አቀበቱን የወጣ ሰው ልብስ እንደዚያ ንጹሕ አይሆንም። «ከየትኛው ቤት አወቃችሁት?» ስላቸው ተያይተው ሳቁና በማግስቱ ወጡት። ትርንጎ የማዶውን ቡድን መርታ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የእናቶችን መልስ ስትጽፍ አይቻታለሁ፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አትጽፍም። መምህር ትሆናለች ብዬ ለራሴ የተናገርኩት ያን ዕለት ነው።

ውጤቱ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ማዶ ያለው ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል «ወንዙ» አለ። ወዲህ ያሉትም ከብታቸውና መሬታቸው ማዶ የሆነባቸው «ወንዙ» አሉ። ትምህርት አቋርጠው የቀሩ፣ እኛ ከነጭራሹ የረሳናቸው ልጆች በየቤቱ ተገኙ። ኮሚቴው ፊት ስናቀርበው አያ ፈንታ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ጥቅምት ላይ ክፍል አላችሁ። አሁን ወንዝ አላችሁ። ይኸ ቁጥራችሁ እንዳሻው ይገለባበጣል?»

«አልተገለባበጠም አያ ፈንታ» አልኳቸው። «ጥቅምት ላይ የጠየቅነው ወንዙ ያላገደውን ነው። ወንዙ ያላገደው ሰው ወንዝ አላስቸገረኝም ቢልዎ ምን ይደንቃል?»

ዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆዩ። ከዚያ ጥርሳቸው ታየ።

«ድግስ ላይ የታደመውን ሰው ‹ያልመጣ አለ?› ብሎ መጠየቅ ነዋ።»

«እሱ ነው።»

«እሽ። በመጪው በጋ ድልድይ እንሠራለን።» ብለው ተነሱ። ቃላቸው አንድ ነው ብያችኋለሁ፤ በቀጣዩ በጋ የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሞ፣ መደገፊያ ሽቦ ተወጥሮ፣ ድንጋይ ተክቦ የእግር ድልድዩ ተሠራ።

ለትርንጎ ግን ዘገየ። ስምንተኛ ክፍል ስትገባ እንደልማዷ ኅዳር ላይ ትመጣለች ብዬ ጠብቄያት ነበር። ወንዙ ጎደለ፣ የማዶዎቹ መጡ፣ እሷ የለችም። ድልድዩ ገና ግንዱ እየተጎተተ ስለነበር ጫማዬን አውልቄ ውኃውን ተሻገርኩና ቤቷ ሄድኩ። አባቷ በረት እያጠሩ አገኘኋቸው። በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ወንበር አወጡልኝ።

«ባሕር ዳር ሄዳለች፣ መምህር» አሉኝ። «አክስቷ ሰው ቤት አስገባቻት።»

«ድልድዩ እኮ ሊደርስ ነው፤ እሷም ታውቃለች።»

«ታውቃለች። ‹በየዓመቱ ሌላው የተማረውን ስለቅም ኖርኩ፤ ሰለቸኝ› አለችኝ። እኔም አልከለከልኳትም። ከልክያትስ ምን ልሰጣት ነበር?»

 አድራሻዋን ጠየቅሁ፤ አያውቁትም፤ አክስቷም ቤት ትቀያይራለች። በሰው በሰው መልእክት ላክሁ፣ ባሕር ዳር ለስብሰባ ስሄድም አጠያየቅሁ፤ አላገኘኋትም። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ልጅ ወድቆብኛል፤ የወደቀው ልጅ ደግሞ ይደግማል፣ ያልፋል። ትርንጎ አልወደቀችም። ከሁሉም በላይ የገባት እሷ ነበረች። ድልድዩ ላይ የመጀመሪያዎቹ ልጆች እየተሳሳቁ ሲሻገሩ እኔ ወዲህኛው ዳር ቆሜ ደስታዬም ኀዘኔም እኩል እውነት ነበሩ።

ሥራዬን የቀየረው ይኸ ነው። ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ እስከ ጡረታዬ ስቆይ ያን ምዕራፍ ሰኔ አስተምሬው አላውቅም፤ ጥቅምት ላይ፣ መቀመጫዎቹ ገና ሳይሞሉ ነበር የማስተምረው። «የዚህ ክፍል ሕዝብ ማን ነው?» እላለሁ። ቁጥር ይነግሩኛል። «ከምን አወቃችሁ?» ስል አንዱ ዞር ብሎ ባዶውን ዴስክ ያያል። ያቺ ዞር ማለት ስትመጣ ትምህርቱ ገብቷል ማለት ነው።

ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመው ሲከፈቱ ደግሞ ይኸው ነገር ከክፍል ወጥቶ ስብሰባ ውስጥ ገባ። የመጡት ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ፤ አዲሷ ርዕሰ መምህራችን የማካካሻ ትምህርት በየትኛው ቀን ይሁን ብላ የመጡትን ልታስጠይቅ ተነሳች። «የመጡት መምጫ አግኝተዋል» አልኩ። «ቀኑን ያልመጡት ይንገሩን።» ሴትዮዋ አስተዋይ ናት፤ ለአፍታ አሰበችና ተማሪዎቹን በየሰፈራቸው አሰማራቻቸው። አንዳንዱ ለዘመድ ሱቅ እየጠበቀ ተገኘ፣ አንዳንዱ ጋሪ ላይ፣ አንዳንዷ ታናናሾቿን ይዛ። ሁሉም አልተመለሱም። የተመለሱት ግን በሚችሉበት ቀን ስለተጠሩ ነው የተመለሱት።

በመጨረሻው ዓመቴ አብሮኝ ያስተማረው ናትናኤል የሚባል ወጣት ነው፤ ቦታዬን የተረከበው እሱ ነው። ዕጣን በስልኩ ያወጣል። «ቲቸር፣ ወረቀት መቁረጥ ቀረ፤ እሱ ራሱ ይመርጥልናል» አለኝ። የምቀየመው መስሎት ፈራ ተባ እያለ ነው።

«ደግ። ስልኩም ያው ዕጣ ነው» አልኩት። «ስልኩ ውስጥ ማን ማንን አስገባህ?»

ሳቀና ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ የሁለት ቀሪ ልጆች ስም ጨምሮ መጣ። በልቤ፣ ይኸስ ይሆናል አልኩ።

የሽኝቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የጡረታ ወረቀቱን ጣጣ አልተርክም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ርዕሰ መምህሯ ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼን መድረክ ላይ አወጣች፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዷ መሐንዲስ፣ አንዱ የባንክ ኃላፊ። ተራ በተራ አመሰገኑኝ። የዛሬ ማንነቴ የእሷ ሥራ ነው አሉ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም ሰው ነኝና ደስ አለኝ። ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። «ግን እነዚህን ማን መረጣቸው?»

ርዕሰ መምህሯ «እኔ ነኝ፣ እትዬ ስንዱ» አለች።

«እንዴት መረጥሻቸው?»

አዳራሹ መሳቅ ጀመረ፤ እሷም ሳቋ መጣ። «የተሳካላቸውን ነዋ።»

«እንግዲያ ስለ እኔ ገና ምንም አልተባለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እኔ ያስተማርኩት ሁሉ ስሙን ጽፎ ይስጥ፤ አንድ ሰው በዕጣ ይናገር። ያሻውን ይናገር።»

የወለድኳቸው ልጆቼ ከፊት ተቀምጠው በዓይናቸው «ተዪ» ይሉኛል። እኔ ግን ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ በራሴ ላይ ሲሆን ልፈራው አልችልም። ናትናኤል ኮፍያውን አውልቆ ዞረ፤ ወረቀት ተቆረጠ፤ ተናወጠ። ዕጣውን ያወጣችው ከፊት የተቀመጠች የአንድ መምህር ልጅ ናት። ናትናኤል አነበበው።

«ሰይድ።»

ሰይድ በር ላይ ቆሞ ነበር። ገበያው አጠገብ ልብስ የሚነግድ ሰው ነው፤ ለእኔ የተሰጠውን ጋቢ ይዞ የመጣው እሱ ነው፣ ሊመለስም ቸኩሏል። ወደ መድረኩ ሲመጣ ፊቱ ላብ ነበረው።

«መምህር፣ የበዓል ንግግር ልናገር ወይስ እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«እውነቱማ…» አለና ሰዉን አየ። «የእርስዎ ክፍለ ጊዜ ይከብደኝ ነበር። ሰባተኛን የደገምኩት በእርስዎ ትምህርት ነው። ያን ዓመት ጠልቼዎት ነበር፤ አሁን አልጠላዎትም። እኩልታውንም ሦስት ማዕዘኑንም ረስቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ለቅቆኝ አያውቅም። ሱቄ ሰው መጥቶ ‹አገሩ ሁሉ እንዲህ ይላል› ሲለኝ፣ ‹ስንቱን ጠይቀህ ነው? የትኞቹን?› እለዋለሁ። ሰው ተናዶ ይወጣል። ባለቤቴም በዚህ ትጣላኛለች። ግን ባለፈው ስንት ወሬ በመጣ ጊዜ ሱቄን ዘግቼ ያልሮጥኩት በዚሁ ነው። ይኸው ነው የማውቀው።»

የድምፅ ማጉያውን መለሰልኝና እጄን ጨብጦ በመጣበት በር ወጣ።

እና ጥሩዬ፣ ምኑን ስታስተምሪ ኖርሽ ላልሽኝ መልሴ ሰይድ ነው። አንድ ሰው ነው፤ ያውም ከመጡት መካከል። ከእሱ ተነስቼ ስለ ተማሪዎቼ ሁሉ አልናገርም። ግን ማንም አልመረጠልኝም፤ በዕጣ ነው የወጣው።